ሩት የገዛችው፣ ሶፊ ያነበበችው

ሩት ጌታነህ ያን እሑድ ከአምልኮ ስትወጣ ደህና ነበረች። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምታውቀውን ሰው ሁሉ እየጨበጠች ወደ በሩ ስታመራ የወላጆቿ ጎረቤት ፋንታዬ አገኘቻትና እንደ ልማዷ ክንዷን ይዛ ወሬ ጀመረች። አባትሽ የታደሉ ናቸው አለቻት። ዓይናቸው ቢደክምም ሶፊን የመሰለች ልጅ ወልደዋል፤ ከምትሠራበት ከሃላሌ ድረስ በስልክ መጽሐፍ ታነብላቸዋለች፤ እኔም የቤት ሥራዬን እየተውኩ ሄጄ እሰማለሁ፤ እንዲያ ያለውን መጽሐፍ ደግሞ ከየት እንደምታመጣው እንጃላት፣ እያለች ታናሽ እህቷን አደነቀችላት። ሩት ፈገግ ብላ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። ሆዷ ግን በባዶ ሆዱ ዳጣ፣ ያን የሚያቃጥል የቃሪያ ድልህ፣ እንደዋጠ ሰው ሆድ ተቃጠለ።

መጽሐፉን የምታመጣው ሶፊ አልነበረችም። የምትገዛው ሩት ነበረች።

አባታቸው መምህር ጌታነህ ዕድሜያቸውን በማስተማር የጨረሱ፣ ጡረታ ስወጣ እንግዲህ ያላነበብኩትን ሁሉ አነባለሁ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታው ሲመጣ ዓይናቸው ሄደ። ሐኪሙ፣ ከዚህ እንዳይብስ እናደርጋለን እንጂ የጠፋው አይመለስም አላቸው። ትልቋ ልጃቸው ሩት በሶዶ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ያን ጊዜ አንድ ዘዴ መጣላት። መጽሐፍ በስልክ የሚሸጥ አፕ ነበርና በስሟ ተመዘገበች፤ ልብ ወለድም ታሪክም ገዛች፤ የባሏን የአሮንን ታብሌት ወስዳ ጫነችላቸው፤ ፊደሉንም እስከሚቻለው ድረስ አተለቀችው። ለጊዜው ሠራ። እያደር ግን ፊደሉ ቢተልቅም አልበቃ አለ፤ አንድ ገጽ ላይ ጥቂት ቃል ብቻ ይቀራል፤ አባቷም ታብሌቱን አፍንጫቸው ሥር ደግነው ሲታገሉ ውለው ራሳቸውን ይዘው ይተኛሉ።

ከዚያ ራሷ ልታነብላቸው ሞከረች። ከክፍል እንደወጣች፣ ጠመኔው ከጣቷ ሳይለቅ፣ ያልታረመ ፈተና በቦርሳዋ ይዛ ትመጣለች። የምታነበው ግን ክፍል ውስጥ እንደምታነበው ነበር፤ ፈጥና፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ሳትጥል፣ ቶሎ ምዕራፉ መጨረሻ ለመድረስ። አንድ ቀን በመሐል እንቅልፍ ወሰዳትና አባቷ ቀስ ብለው ስልኩን ከእጇ አነሱላት።

ሶፊ የገባችው በዚህ መሐል ነው። ሃላሌ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆና ተመድባ ነበር። ደውላ፣ ከሥራ በኋላ ብቸኝነቱ ሊገድለኝ ነው፣ የይለፍ ቃሉን ስጪኝና በስልክ እኔ ላንብብለት አለቻት። ሩት ሳታንገራግር ሰጠቻት። እውነቱን ለመናገር ሸክም እንደወረደላት ሰው ነበር የተሰማት። አዲስ መጽሐፍ በገዛች ቁጥር ለሶፊ በቴክስት ታሳውቃታለች፤ ሶፊም አመሻሽ ላይ ትደውላለች። ንባቡ እንዴት እንደሚሄድ ሩት አልጠየቀችም።

ያየችው ከዚያ እሑድ በኋላ አንድ ቀን ሙዝ በፌስታል ይዛ ወላጆቿ ቤት ሳትነግራቸው ስትሄድ ነው። ቤታቸው ከኦቶና ሆስፒታል ዝቅ ብሎ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ተደግፎ ቆሟል። አባቷ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለዋል፤ ፋንታዬ ጥግ ይዛለች፤ እናቷ ወይዘሮ ቦልቴ ጎደሬ ሊልጡ የያዙትን ቢላ እንደያዙ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። ከስልኩ የሚወጣው የሶፊ ድምፅ ነው። ቋንቋው ግን አማርኛ አልነበረም። ሶፊ የአማርኛውን መጽሐፍ ፊቷ ዘርግታ በወላይትኛ ነበር የምትነግራቸው። የልብ ወለዱ ባለታሪክ ወደ ቆላ እርሻ ሄዶ የቀረ ወንድሟን ከገበያ ገበያ እየዞረች የምትፈልግ ቅቤ ነጋዴ ናት። ሶፊ ሴትዮዋን እንደ ቅቤ ነጋዴ ታናግራታለች፤ ደላላው ሲመጣ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ እንደ ደላላ ትምላለች ትገዘታለች። እናቷ፣ አማርኛ ከገበያና ከቢሮ ጉዳይ በላይ የማይዘልቃቸው እናቷ፣ እየሳቁ ነበር።

ሩት "እንዴት አመሻችሁ" አለች።

እናቷ ዘወር ሳይሉ፣ ቢላ የያዘ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ዝም በይ አሏት።

ሩት ፌስታሉን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ምዕራፉ እስኪያልቅ ድረስ ቆመች። ሲያልቅ ሁሉም ዞረው በደስታ ተቀበሏት፣ ሙዙን አመሰገኑ፣ ቁጭ በይ አሏት፤ እሷ ግን አሮን ይጠብቀኛል ብላ ወጣች። በመንገዷ ሁሉ ያ ወደ ኋላ የተዘረጋው እጅ ከዓይኗ አልጠፋም።

ይህን ያህል ለምን እንዳመማት የሚገባው ልጅነቷን ለሚያውቅ ሰው ነው። ሩት ገና በስድስት ዓመቷ አዲስ አበባ ወደሚኖር አጎቷ ለትምህርት ተላከች። ሰፈሩ ሁሉ ታደለች አለ። ሶፊ የተወለደችው እሷ ከሄደች በኋላ ነው፤ ያደገችውም እዚሁ በእናቷ ጉያ ነው። ሩት ኮሌጅ ጨርሳ ተቀጥራ ስትመለስ ወላይትኛዋ የስድስት ዓመት ልጅ ወላይትኛ ነበር። ውሃ መጠየቅ፣ ራበኝ ማለት፣ ደህና ዋሉ ማለት ትችላለች፤ ነገሩ ጠለቅ ሲል በአማርኛ ትመልሳለች። ሶፊ አባቷን "አንተ" ትላለች፤ ሩት እስከ ዛሬ "እርስዎ" ነው የምትለው። እናቷ ከሶፊ ጋር ሲያወሩ ቃሉ ይፈሳል፤ ወደ ሩት ሲዞሩ አማርኛቸውን እየለቀሙ፣ ለእንግዳ እንደሚናገር ሰው ይጠነቀቃሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሩት መረጋጋት አቃታት። በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጣ መጽሐፉን ስትከፍተው፣ አፑ "ወደ ደረሱበት ገጽ ልውሰድዎ?" እያለ ይጠይቃታል። የተደረሰበት ገጽ የሶፊ ነው። በገዛ መጽሐፏ ውስጥ ሶፊን ተከተይ የተባለች መሰላት። ከሶፊ ለመቅደም ብላ ፊት ፊት ታነባለች፤ ሲነጋ ደግሞ ገጹ ወደ ሶፊ ተመልሶ ታገኘዋለች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉት ይህን ነው፣ አለች በልቧ። እኔ እገዛለሁ፣ እሷ ትመሰገናለች። አንድ ቀን ለአሮን አወራችው። አሮን የቢሮ ሰው ነው፤ ነገር አያካብድም። የእኛን ዲኤስቲቪ የጎረቤት ልጆች መጥተው ያያሉ፣ ኳሱ ከእኛ ቀንሶ አያውቅም፣ ብሎ ሳቀ። ሩት ከዚያ በኋላ ለእሱም አላወራችም።

ሰበቡን ያገኘችው ከትምህርት ቤቷ ነው። የንባብ ክበቡ የቅቤ ነጋዴዋን ልብ ወለድ ደራሲ ጋብዞ ነበር፤ ሐመልማል ትባላለች፣ የሶዶ ልጅ ናት፣ ቢሮ እየሠራች ትጽፋለች። ለተማሪዎቹ ስለ ሥራዋ ነገረቻቸው። መጽሐፏ በወጣ በሳምንቱ ሙሉውን ቴሌግራም ላይ እንዳገኘችው፣ የላከላትም ሰው እንኳን ደስ አለሽ፣ ሁሉም እያነበበው ነው ብሎ እንደላከላት ስትናገር ልጆቹ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ሩት እጇን አወጣች። የገዛችውን የስልክ መጽሐፍ ይለፍ ቃል ለእህቷ የምትሰጥ ሰውስ ምን ትባላለች አለች። ሐመልማል፣ ደንቡ አንድ አካውንት ለአንድ ሰው ነው ይላል፣ ቢሆንም ብላ ስትቀጥል ደወል ተደወለና አዳራሹ ተንጫጫ። ሩት ከ"ቢሆንም" ወዲያ ያለውን ለመስማት አልቆየችም። የምትፈልገውን ይዛለች።

በዚያው ቀን ይለፍ ቃሉን ቀየረች። ለሶፊም ደውላ፣ ደንብ ስለሆነ ነው፣ ደራሲዋ ራሷ በአፏ ነግራናለች አለቻት።

 "ዛሬ እኮ ቅቤ ነጋዴዋ የወንድሟን በር ልታንኳኳ ነው" አለች ሶፊ። "ትናንት በሩ ላይ ነው ያቆምኩባቸው።"

"የራስሽን ግዢ" አለች ሩት።

"እሺ" አለች ሶፊ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሩት የጠበቀችው ሶፊ ለወላጆቿ ደውላ እንደምትከሳት ነበር። ሶፊ ግን ኔትወርክ ተበላሽቷል ብላ ነበር የነገረቻቸው። ሩት በማግስቱ ክፍል እንደጨረሰች ስትሄድ አባቷ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ እናቷ፣ የሃላሌ ኔትወርክ መቼ ይሠራ ይሆን አሏት። ሩት፣ ዛሬ እኔ አነብላችኋለሁ ብላ መጽሐፉን ከፈተች። ቀስ ብላ፣ በወግ ለማንበብ ቆርጣ ነበር የመጣችው፤ አነበበችም። የቅቤ ነጋዴዋ በሩን አንኳኳች። ግን አማርኛው መጽሐፍ አማርኛ ነው። ወደ ወላይትኛ ልትመልሰው ስትሞክር ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቃል አጣች፤ በሌላ ቃል ስትተካው እናቷ ግራ ተጋብተው አባቷን አዩ። ትንሽ ቆይተው እሳት ልይ ብለው ተነሡ። ፋንታዬም ልጆቼ ይጠብቁኛል ብላ ወጣች። አባቷ ብቻ ቀሩ፤ እሳቸውም ደህና ተማሪ እንደሚሰማ በጨዋነት ሰሙ።

ምዕራፉ ሲያልቅ፣ ሶፊ ኔትወርኩ ሲሠራላት ከዚህ ትቀጥላለች አሉ።

ይህን ጊዜ ነው የሩት አፍ የቀደማት። ኔትወርኩ አልተበላሸም አለች። እኔ ነኝ የዘጋሁት፤ መጽሐፉ በእኔ ስም የተገዛ ነው፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ክልክል ነው፣ ጸሐፊዋ በእንዲህ ያለ ነገር እየተጎዳች ነው። አንዴ ከጀመረች ማቆም አልቻለችም። "አባዬ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ይሄ ሌብነት ነው።"

መምህር ጌታነህ ቀና አሉ። በቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ናቸው፤ ሌብነት የምትለዋ ቃል ከእሳቸው ቤት በቀላሉ አትገባም። "እስካሁን የሰማነው ሁሉ?" አሉ።

 ሩት ነገሩን ወደ ሶፊ የወረወረችው መስሏት ነበር፤ ያረፈው አባቷ ላይ ነው። ለእኔ ማለቴ አይደለም፣ እርስዎን አይመለከትም፣ እያለች ልትመልሰው ሞከረች። እሳቸው ግን የተሰረቀ የበላ ሰው አላወቅሁም ቢል ነውሩ ከአፉ አይወጣም ብለው ስልኩን አጠፉና ከጠረጴዛው አራቁት። በቀጣዮቹ ቀናት ቤቱ ዝም አለ። ሩት ቀለል ያለ ነገር እንኳ ላንብብልዎ ስትላቸው አሻፈረኝ አሉ። አመሻሹ ላይ ከደጅ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፣ ሰው ሲያልፍ በድምፁ ለይተው ሰላም ይላሉ፤ ይኸው ነው። ቤቱ የሷ ነበረ፣ ሶፊም የለችበት፤ ግን የጠበቀችው ደስታ አልመጣም።

በሳምንቱ አባቷ አስጠሯት። ጸሐፊዋ ሶዶ ትኖራለች አላልሽኝም? ወስደሽ አገናኚኝ፤ ይቅርታ ልጠይቃት አሉ። ሩት ሥራ በዛብኝ ብላ ልታዘገየው ሞከረች፤ እሳቸው ግን ኮታቸውን ለብሰው ነበር የሚጠብቋት። ባጃጅ ይዘው ገበያው አጠገብ ወዳለው የሐመልማል ቤት ሄዱ።

ሐመልማል መጀመሪያ የመጡበት ነገር አልገባትም። ሽማግሌው ቆመው፣ ኮፍያቸውን ይዘው፣ መጽሐፍዎን ሳንገዛ ሰምተናልና ይቅር ይበሉን ሲሏት የሚቀልዱ መስሏት ፈገግ አለች። ነገሩን ከሥሩ ሲያስረዷት ፈገግታዋ ጠፋ፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፣ ራሷም ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ምንም አይደለም ብዬ ልሸኝዎ እችላለሁ" አለች። "እውነት ግን አይሆንም። መጽሐፌ በየስልኩ በነጻ ሲዞር ያመኛል። ይለፍ ቃል መስጠትንም ሻጮቹ አይፈቅዱም፤ እኔም አንባቢ ሁሉ የራሱን ቢገዛ እወዳለሁ። እህት ለእህት ስትሰጥ ግን ለመላው አገር እንደበተነ ሰው አድርጌ አላያትም። ለአባት ጮክ ብሎ ማንበብን ደግሞ ሌብነት ነው ያለ ሰው ካለ ከእኔ አልሰማም።"

ሩት የእግሯን ጣት ታይ ነበር።

መምህር ጌታነህ ጥቂት አሰቡና፣ እንግዲህ ሶፊ የራሷን ትግዛ፣ ወላይትኛው ግን የሷው ነው አሉ። ሐመልማል ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ተንቀሳቀሰች። በወላይትኛ ነው የምታነበው? ብላ ደግማ ጠየቀች። ያቺ ቅቤ ነጋዴ በራሷ በሐመልማል ጭንቅላት ውስጥ ስትናገር የኖረችው በወላይትኛ እንደነበረ፣ እሷ በአማርኛ መጻፍ ስለለመደች ብቻ አማርኛ እንዳስለበሰቻት፣ ስትጽፍ ብዙ ነገር ከእጇ እንደሾለከባት ነገረቻቸው። ልሰማት እችላለሁ? አለች። መምህር ጌታነህ ወደ ሩት ዞረው "ደውዪላት" አሉ።

ሩት ደወለች። ሶፊ ከሥራ ወጥታ ነበር። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ደነገጠች፣ አፈረችም፤ ሐመልማል ስትለምናት ግን መጽሐፉ በእጇ ሳይኖር፣ ከአእምሮዋ፣ ቅቤ ነጋዴዋና ደላላው የተጣሉበትን ክፍል ነገረቻት። ሩት ስልኩን በሁለቱ መሐል ይዛ ቆማለች። ደራሲዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ መጨረሻ ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህን መቅዳት አለብን፣ ሰው በጆሮው ይስማው፣ ሶዶ ስትመጪ ሳታገኚኝ እንዳትሄጂ አለቻት። የሩት ክንድ ዛለ። ሶፊን ከአንድ ጓዳ አስወጣለሁ ብላ አደባባይ እንዳወጣቻት የገባት እዚያው ቆማ ነው። ስልኩን መዝጋት አማራት፤ ጣቷ እንኳ ወደ ቁልፉ ሄዶ ነበር። አልዘጋችውም።

ለመሄድ ሲነሡ ሐመልማል፣ እንዲህ ያለች ልጅ ስላለችዎ ታድለዋል አለቻቸው።

"ያነበበችው ሶፊ ናት" አሉ መምህር ጌታነህ። "የገዛችው ግን ይቺ ናት። ይቺ ባትገዛው መጽሐፍዎ ከእኔ ቤት አይገባም ነበር። ወላይትኛው ቢያጥራት ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በልጅነቷ ለሰው ሰጥቼ ያስወጣኋት እኔ ነኝ።"

ስለ ወላይትኛዋ ጉድለት ጥፋቱን እንዲህ በራሳቸው ላይ ሲያደርጉ ሩት ሰምታ አታውቅም። አንገቷን እንደደፋች ክንዳቸውን ይዛ ወጣች።

 ባጃጁ ዳገቱን ሲጀምር ሩት፣ አባዬ ያን ቀን ሌብነት ያልኩት ብላ ጀመረች።

"ሩት" አሉ አባቷ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። "መምህር እኮ ነበርኩ። ልጅ በልጅ ላይ ሲያሳብቅ ለደንቡ ብሎ ይሁን ለሌላ ነገር፣ ከድምፁ እለያለሁ።"

ታዲያ እያወቁ ለምን ሄዱ አለቻቸው። አንቺ በምንም ሐሳብ ብታነሺው ጥያቄው ግን ጥያቄ ነው፣ መጠየቅ ነበረበት፣ ብለው መለሱላት። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር አላነሡባትም።

ሶፊ ቅዳሜ ከሃላሌ መጣች። ሩት መናኸሪያ ወርዳ ተቀበለቻት፤ ቦርሳዋን ልትይዝላት ስትል ሶፊ አልሰጠቻትም። ጎን ለጎን ሄዱ። ሩት ከቤቷ የተዘጋጀችበትን ንግግር ረስታዋለች፤ በመጨረሻ በመንገድ መሐል ቆም ብላ "ቀንቼ ነው" አለች። "ደንቡ ሰበብ ነው።"

"አውቄዋለሁ" አለች ሶፊ። "ተከታታይ ፊልም ሁሉ ከቴሌግራም አውርደሽ ስታዪ አይደል የምትውዪው? መቼ ነው ስለ ደንብ የተጨነቅሽው?"



"ብትነግሪኝ እኮ አቆምልሽ ነበር፤ ወይ አብረን እናነብ ነበር" አለች ሶፊ።  "አንቺ ግን እማዬን በዚያች በር ላይ አቁመሽ ሄድሽ። ስደውልላት ሁልጊዜ ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? ከፍተውላት ይሆን ትለኛለች። እኔ ኔትወርክ እያልኩ እዋሻለሁ።"

ሩት ይለፍ ቃሉን እንደመለሰችው፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ፊቱ መግባት እንደምትችል ነገረቻት። ሶፊ ራሷን ነቀነቀች። "የራሴን ገዝቻለሁ። ሐመልማል ያለችውን ሰምቼ የለ? አሁን የአንቺ አያስፈልገኝም።"

ይህን ያለችው ልታቆስላት ብላ አልነበረም፤ ሩትን ግን አቆሰላት። እስካሁን ቢያንስ ሰጪዋ እሷ ነበረች። አሁን ያም የለም። ሶፊ የራሷ መጽሐፍ አላት፣ የራሷ ቋንቋ አላት፣ እናትና አባቷም እየጠበቋት ነው። ሩት መንገዱ መሐል እንደቆመች ልትመለስ አሰበች፤ ወደ ቤቷ የሚሄደው ባጃጅ እዚያው ቆሞ ይጣራ ነበር።

ሶፊ ጥቂት እርምጃ ሄዳ ዞር አለች። አልሳቀችላትም። "ካልመጣሽ እማዬ ምን ሆነች ትለኛለች፤ ሌላ ውሸት የለኝም" አለች። ሩት ተከተለቻት።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሶፊ በአካል ተቀምጣ፣ ስልኳን ፊቷ ይዛ፣ ካቆመችበት ጀመረች። ቤቱ ሞላ፤ ፋንታዬ እህቷንም ይዛ መጣች። የቅቤ ነጋዴዋ በሩን አንኳኳች፣ ተከፈተላት፣ የከፈተላትም ወንድሟ አልነበረም። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ሶፊ ድምፅ አዘንብለዋል። ሩት ይህን ስታይ ያው የድሮው ቅናት ተመለሰባት፤ ይቅርታውም፣ የመንገዱ ንግግርም አላጠፉትም። ተነሥታ እቃ ማጠቢያው ጋ ልትሄድ ነበር።

ሶፊ አንድ ቃል ተናገረችና ሁሉም "እህህ" ብለው አዘኑ። ሩት ቃሉን አታውቀውም። አጠገቧ ወደተቀመጡት እናቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ በተሰባበረ ወላይትኛዋ፣ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። በአማርኛ አልጠየቀቻቸውም።

ወይዘሮ ቦልቴ ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ በዝግታ፣ በወላይትኛ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩ ቃሉን በሌሎች ቀላል ቃላት ፈትተው በሹክሹክታ ነገሯት። ሞቶ የተቀበረ ሰው ለቅሶ ላይ ያልደረሰ ዘመድ ዘግይቶ የሚያለቅሰው ለቅሶ ማለት ነበር። እሳቸው ሲያስረዷት ሶፊ ቀጥላ ሄዳ ስለነበር ሩት የሚቀጥለው ነገር አመለጣት። ደግማ ጠየቀች። እናቷ ደግመው ነገሯት፤ ለእሳቸውም ከታሪኩ ብዙ አመለጣቸው፤ ግን አልተቆጡም።